የጌም ዓለም መኳንንት ማዕረጋቸውን ከየት አመጡት?

ፋንታሲ ጌም የከፈተ ሰው ገና ሰይፉን ሳይመዝ ሹመኛ ይገጥመዋል። አንዱ ያርል ነው። ሌላው አርል። ከዚያ ቴርን ይመጣል፣ ባን ይመጣል፣ ቴይን፣ አሽካን፣ አሪሾክ። ብዙ ተጫዋች «ያው ትልቅ ሰው ነው ማለት ነው» ብሎ ያልፋል። ንግግሩንም ቶሎ ቶሎ ተጭኖ ወደ ውጊያው ይሄዳል።

እነዚህ ማዕረጎች ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባቸዋል። ከባዶ የተፈጠሩት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ በአንድ ዘመን እውነተኛ ሰው የተሾመባቸው፣ መሬት የተያዘባቸው፣ ደም የፈሰሰባቸው ቃላት ናቸው። የጌም ጸሐፊዎች አንዳንዱን እንዳለ ወስደውታል። አንዳንዱን ፊደሉን ነካክተው አዲስ አድርገውታል። ጥቂቱን ራሳቸው ፈጥረዋል። ከየትም ይምጣ፣ ማዕረጉን እውነተኛ የሚያስመስለው ስሙ ብቻ አይደለም። ሰውየውን ማን ሾመው? ምን ይጠበቅበታል? ማንስ ሊሽረው ይችላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ማዕረግ ይኖራል። መልስ የሌለው ከስሙ አያልፍም።

መጀመሪያ እውነተኞቹን እንይ። የአውሮፓ ማዕረጎች ዛሬ የክብር ስም ብቻ ይመስላሉ። ሲጀምሩ ግን ሥራ ነበሩ። ዱክ የመጣው ዱክስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ጦር መሪ ማለት ነው። ካውንት የመጣው ኮሜስ ከሚለው ነው፤ ከንጉሡ ጎን የማይለይ ባልንጀራ ማለት ነው። ማርኪስ የጠረፍ ግዛት የሚጠብቅ ሰው ነበር። ማርሻል ደግሞ ሲጀመር የፈረስ ጠባቂ አገልጋይ ነበር። የእኛም እንደዚሁ ነው። ፊታውራሪ ከፊት የሚዘምት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ጦር የሚያዝ ነበር። ኋላ ላይ ሥራው ቀርቶ ስሙ ብቻውን ክብር ሆነ። ማዕረግ በብዙ አገር የሚያልፍበት መንገድ ይኸው ነው፤ በሥራ ይጀምራል፣ መሬት ይከተለዋል፣ አንዳንድ አገር ደግሞ ልጅ ይወርሰዋል።

ጌሞች ይህን ታሪክ ሲወርሱ መጀመሪያ የያዙት በተቃራኒው ጫፍ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1974 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ አሳተሙ። እዚያ ውስጥ ማዕረግ የደረጃ ስም ነበር። ተዋጊው አንደኛ ደረጃ ላይ ቬተራን ይባላል። ከዚያ ዋርየር፣ ሶርድስማን፣ ሂሮ እያለ ይወጣል። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ሎርድ ይሆናል፤ ምሽግ ሠርቶ በዙሪያው ያለውን አገር መግዛት ይችላል። የካህኑ መሰላል ደግሞ የሰፈር ቄስ፣ ጳጳስ፣ የቲቤቱን ላማና ፓትርያርክን ባንድ ላይ ደርድሮ ይዟል። ከየትም የመጣ ቃል፣ ከፍ ያለ እስከመሰለ ድረስ፣ ቦታ ነበረው።

ይህ ለጨዋታ ይመቻል። ለዓለም ግንባታ ግን ችግር አለበት። ማንም ሳይሾምህ ጭራቅ ገድለህ ብቻ ጌታ ትሆናለህ። የሾመህ ነጥብ ነው። ዛሬም ድረስ ብዙ ጌም ከዚህ ልማድ አልወጣም። ስሙ ላይ «ታላቁ» ወይም «የበላይ» እየጨመሩ ሰው ማክበር ይቀላል። ግን «ታላቁ የበላይ ጌታ» የሚባል ሰው ከተራ ጌታ በምን እንደሚለይ ካልታወቀ፣ ተጫዋቹ የሚያስታውሰው የጦር ልብሱን ብቻ ነው።

እንዳለ መውሰድን ያሳመረው ስካይሪም ነው። በ2011 የወጣው ይህ ጌም ዘጠኝ ግዛቶች አሉት፤ እያንዳንዱን የሚያስተዳድረው ያርል ይባላል። ቃሉ የድሮ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ቃል ነው። በኖርዌይ፣ በስዊድንና በኦርክኒ ደሴቶች ያርሎች ነበሩ። በ1266 የሞተው ቢርየር ያርል ስዊድንን እንደ ንጉሥ ያስተዳደረ ሰው ነው፤ ከሱ በኋላ አገሪቱ ማዕረጉን ትታ ወደ ዱክ ዞረች። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ውስጥ ካለው ኤርል ጋር ዘመድ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ብዙ ነገር ወደ ፈረንሳይኛ ቢለውጡም ኤርልን አልነኩትም። የኤርል ሚስት ግን እስከ ዛሬ ካውንተስ ነው የምትባለው። ባል በአገሬው ቋንቋ፣ ሚስት በድል አድራጊው ቋንቋ ይጠራሉ። አንድ ትዳር ውስጥ የአንድ ወረራ ታሪክ ተቀምጧል።

ስካይሪም ውስጥ ከያርሉ በታች ቴይን አለ። ይህን ማዕረግ ተጫዋቹ ራሱ ያገኘዋል። በብዙዎቹ ግዛቶች መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ የአካባቢውን ሰዎች ትረዳለህ፣ ቤት ትገዛለህ፣ ከዚያ ያርሉ ቴይን ብሎ ይሾምሃል። ሃውስካርል የሚባል የግል ጠባቂም ይመደብልሃል። ዋይትረን በተባለችው ከተማ የምትመደበውን ሊዲያን ስካይሪም የነካ ሁሉ ያውቃታል። ቀላል ጥፋት ሠርተህ ዘበኛ ሲይዝህም «እኔ እኮ ቴይን ነኝ» ብለህ ልትለቀቅ ትችላለህ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እዚያም ይሠራል።

ይህ አሠራር ከታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ሳይ ሁሌ ይገርመኛል። ቴይን በድሮዋ እንግሊዝ ሲጀመር አገልጋይ ማለት ነበር። ኋላ ላይ ለጌታው ባገለገለው ልክ መሬት የያዘ መኳንንት ሆነ። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝ ሰነድ ተራ ሰው እንዴት ቴይን ሊሆን እንደሚችል ይዘረዝራል። አምስት ሃይድ የራሱ መሬት ሊኖረው ይገባል፤ አንድ ሃይድ አንድ ቤተሰብ ያኖራል ተብሎ የሚታሰብ የመሬት መጠን ነው። ቤተ ክርስቲያንና ማድ ቤት፣ የደወል ቤትና የግቢ በር ሊኖረው ይገባል። በንጉሡ አዳራሽ ውስጥም መቀመጫና የተለየ ሥራ ሊኖረው ይገባል። ይህን ካሟላ የቴይን ክብር ይገባዋል ይላል። ማድ ቤትና በር! ማዕረግ ማለት ሰው ሰብስቦ የሚያበላ፣ ደጁን የሚጠብቅ ቤት ማለት ነበር። በብዙ ግዛቶቹ ቤት ሳትገዛ ቴይን የማያደርግህ ጌም፣ አውቆም ይሁን በአጋጣሚ፣ የማዕረጉን ጅማት ይዞታል።

አሁን ወደምወደው እንምጣ። ፊደል ነካክቶ አዲስ ማዕረግ በመፍጠር ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስን የሚያህል አላየሁም። የሠራው የካናዳው ባዮዌር ነው፤ የወጣው በ2009 ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ፈረልደን በምትባል አገር ነው። የአገሪቱ መኳንንት በሦስት ይከፈላሉ፦ ቴርን፣ አርልና ባን። ቴርን በዌልስ ቋንቋ ያለ ቃል ነው፤ ገዥ፣ ንጉሥ ማለት ነው። አርል ከኤርልና ከያርል ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ለማወቅ ማንም አይቸገርም። ባን ደግሞ በክሮኤሺያና በቦስኒያ ታሪክ ትልቅ ስም ካለው ማዕረግ ጋር በድምፅ አንድ ነው። የቦስኒያው ባን ኩሊን በ1189 ለዱብሮቭኒክ ከተማ ነጋዴዎች የሰጠው የንግድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ሦስቱም አጫጭር ናቸው። ሦስቱም ለእንግሊዝኛ አንባቢ ጆሮ የሚያውቃቸው ግን ስም የማያወጣላቸው ድምፆች ናቸው።

ስሞቹ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ናቸው። ባዮዌር የሠራው ትልቁ ነገር ሥርዓቱን ማስተሳሰሩ ነው። በጌሙ ውስጥ ባለው የታሪክ መዝገብ መሠረት ሥልጣን ፈረልደን ውስጥ የሚመነጨው ከታች ነው። መሠረቱ ነፃ ባለርስቱ ነው። ባለርስቱ የትኛው ባን እንዲጠብቀው ራሱ ይመርጣል፤ ባኑ ካላረካው ወደ ጎረቤት ባን ሊዞር ይችላል። ከባኖች መካከል ጥንት በጦር የገነኑት ሌሎችን በመሐላ አሰሩና ቴርን ሆኑ። ቴርኖቹ ራሳቸው ሊደርሱበት በማይችሉት ምሽግ ላይ ሰው አስቀመጡ፤ እሱ አርል ተባለ። ስለዚህ አርል ከባን ብዙም አይበልጥም፤ ከሥሩ መሐላ ያለበት ባን የለውም።

ካለንሃድ የተባለ ንጉሥ አገሪቱን አንድ ሲያደርግ ብዙ ቴርኖች ነበሩ። እሱ ወደ ሁለት አወረዳቸው፤ ሰሜን ላይ ሃይኤቨር፣ ደቡብ ላይ ግዋረን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቴርን ማለት ራሱን ችሎ ንጉሥ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ቦታው ላይ ብዙ ሲሆኑ ንጉሡ እንቅልፍ የለውም። በእውነተኛው ታሪክም አገር አንድ ያደረገ ንጉሥ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው ከሱ ቀጥለው ያሉትን ነው።

ይህን ሁሉ ተጫዋቹ መዝገብ ከፍቶ ማንበብ አይጠበቅበትም። ታሪኩ ራሱ ያሳየዋል። ንጉሥ ኬይለን ኦስታጋር በተባለ ቦታ በጦርነት ይሞታል። የግዋረኑ ቴርን ሎጌይን ጦሩን ይዞ ይሸሽና ራሱን እንደራሴ ያደርጋል። ሎጌይን ሲወለድ መኳንንት አልነበረም። የባለርስት ልጅ ነው፤ አገሩን ከጎረቤቷ ከኦርሌይ ወራሪዎች ነፃ ለማውጣት ከልዑል ማሪክ ጋር ታግሎ ነው ቴርን የሆነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጋር እንኳ ባን ቲጋን የሚባል ሰው በአደባባይ ተነስቶ ይቃወመዋል። ቲጋን ትንሽ መስፍን ነው። ሎጌይን የአገሩ ጀግና፣ የንግሥቲቱ አባት ነው። ቲጋን ይህን የመናገር መብት ያገኘው ከየት ነው? ከማዕረጉ ነው። ባን ለእንደራሴ አይሰግድም፤ ሥልጣኑን የሰጡት የራሱ ሰዎች ናቸው። ከዚያች ንግግር በኋላ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ይታመሳል።

ሁሉም የሚፈታው ላንድስሚት በሚባለው የመኳንንት ጉባኤ ላይ ነው። ድምፅ ይሰጣል። ተጫዋቹ ደግሞ ድምፅ ማሰባሰብ አለበት። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ልጥቀስ። ዋና ከተማዋ ዴነሪም ውስጥ አርል ሃው የሚባል ክፉ ሰው ቤት አለ፤ ከሥሩ እስር ቤት። እዚያ የታሰረ አንድ ሰው ታገኛለህ። አእምሮው ተነክቷል፣ ግን ቀለበቱን አውልቆ ለእህቴ ስጥልኝ ይልሃል። እህቱ ባን አልፍስታና ናት። ከጉባኤው በፊት ቀለበቱን ከሰጠሃት ድምጿ ያንተ ነው። በሌላ ክፍል ደግሞ የባን ሲጋርድ ልጅ በስቃይ ላይ ታስሯል። እሱን ካዳንክ አባቱ ከጎንህ ይቆማል።

ይህ ትዕይንት የሚሠራው ባን ማዕረጉ ምን እንደሆነ ስለገባን ነው። አልፍስታና የንጉሥ ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ ቀለበቱ አሳዛኝ ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን ማንንም ሳትፈራ ድምጿን የምታዞር ሴት ናት። እግረ መንገዴን፣ የቴርን ሴቷ ቴርና፣ የአርል ሴቷ አርሌሳ ትባላለች፤ ባን ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ከታች የመጣው ማዕረግ ጾታ አይለይም። ጌሙ ይህን አያብራራም፤ እንዲሁ ተወው። እኔ ግን ትልቅ ጥንቃቄ አየሁበት።

ሃው ራሱ ሌላ ምሳሌ ነው። ሲጀመር የአማራንታይን አርል ነው። ተጫዋቹ ሆኖ ሊጫወታቸው ከሚችላቸው ሰዎች አንዱ የሃይኤቨር ቴርን ልጅ ነው፤ በዚያ መንገድ ከገባህ፣ ሃው የቤታችሁ የቅርብ ወዳጅ ሆኖ በሌሊት ቤተሰብህን ያስጨፈጭፋል። በኋላ ስትገናኙ የአማራንታይን አርል፣ የዴነሪም አርል፣ የሃይኤቨር ቴርን እየተባለ ነው የሚጠራው። ሦስተኛው የአባትህ ማዕረግ ነው። ማንም ምንም ሳያብራራልህ ደምህ ይፈላል። ማዕረግ እንዲህ ሲሠራ ነው ጸሐፊው ተሳክቶለታል የሚባለው።

ጎረቤት አገር ኦርሌይ ውስጥ ደግሞ የፈረንሳይ ማዕረጎች ናቸው ያሉት፤ ኮምት፣ ማርኪ፣ ዱክ፣ ሸቫሊዬ። ፈረልደኖች ወራሪያቸውን ሲያባርሩ የራሳቸውን ስሞች ይዘው ቀሩ። ወደ ሰሜን ስትሄድ ቴቪንተር የምትባለውን አገር የሚገዛው አርኮን ነው፤ የጥንት አቴናውያን ዋና ባለሥልጣኖቻቸውን የጠሩበት ስም ነው። አቴና ውስጥ አርኮን በኋላ ዘመን ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር የሚሾመው። ቴቪንተር ውስጥ ግን እስኪሞት ይገዛል። የሪፐብሊክ ስም የለበሰ አምባገነን ማለት ነው፤ አገሩን ለመረዳት ይህ ብቻ ብዙ ይናገራል።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2002 የወጣው ሞሮዊንድ የተባለው ጌም ሌላ መንገድ ሄዷል። ሁለት ቃል ያጋጥማል። በአመድ በረሃ የሚኖሩት ጎሣዎች መሪ አሽካን ይባላል፤ የእንግሊዝኛው አመድና የመካከለኛው እስያው ካን ናቸው የተጋጠሙት። የከተማዎቹ ታላላቅ ቤቶች፣ ማለትም የመኳንንቱ ወገኖች፣ ደግሞ ለጦርነት ጊዜ አንድ መሪ ይመርጣሉ፤ ሆርታተር ይባላል። ቃሉ ላቲን ነው። በሮማውያን ዘመን ቀዛፊዎችን እያበረታታ ምት የሚሰጠው ሰው ሆርታተር ይባል ነበር። ስለዚህ ንጉሥ አይደለም፤ ቤቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲቀዝፉ የሚያደርግ ሰው ነው። ተጫዋቹ ይህን ማዕረግ ለማግኘት በየቤቱ እየዞረ መሪዎቹን ማሳመን አለበት። አንዳንዱ በሙግት ይሸነፋል፣ አንዳንዱ በገንዘብ፣ አንዳንዱ በሰይፍ። ሦስቱን ቤቶችና አራቱን ጎሣዎች ሳይጨርስ ታሪኩ በዋናው መንገድ አይሄድም። የሹመት ሥራ ማለት ይህ ነው፤ ደጅ መጥናት።

ቋንቋ ሲሻገር ደግሞ ማዕረጉ ይለወጣል። በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ የጃፓን ሥራ ነው። ተጫዋቹ የሚመኘው ማዕረግ በጃፓንኛው ውስጥ ያለው ቃል ንጉሥ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ሎርድ ሆነ። ያው ኩባንያ በዳርክ ሶልስ ተከታታዮቹም እንዲሁ አድርጓል፤ በጃፓንኛ የማገዶ ንጉሥ የሚባለው በእንግሊዝኛ የፍም ጌታ ተብሏል። ማገዶ ያለው የመጀመሪያው ስም ላይ ነገሩ በግልጽ ተነግሯል፤ ይህ ንጉሥ የሚነግሠው ሊነድ ነው።

የቀረው ከባዶ የተፈጠረው ነው፤ ከሁሉም ከባዱ። ጆሮ የሚይዘው ምንም ዘመድ የለውም። ወደ ድራገን ኤጅ ተመልሰን ኩናሪ የሚባሉትን ሕዝቦች እንይ። ንጉሥ የላቸውም። ሦስት ሰዎች ይመሯቸዋል፤ ጦሩን አሪሾክ፣ ካህናቱን አሪኩን፣ ባለእጆቹንና ነጋዴዎቹን አሪጀና። ሦስቱም ላይ «አሪ» የሚለው ይደጋገማል። ተጫዋቹ ሰዋስው ሳይማር ቋንቋው ደንብ እንዳለው ይሰማዋል፤ ሦስቱ እኩል መሆናቸውንም ከድምፁ ይገምታል።

ከዚያ ደግሞ ስቴን አለ። በመጀመሪያው ጌም ውስጥ ከጎንህ የሚዘምት፣ ዝምተኛ፣ ግዙፍ ኩናሪ ነው። ስሙ ስቴን ነው ብለህ ብዙ ሰዓት አብረኸው ትጓዛለህ። ስቴን ግን የሰው ስም አይደለም። ጥቂት ወታደሮችን የሚያዝ መኮንን የሚጠራበት ማዕረግ ነው። ኩናሪዎች ራሳቸውን የሚጠሩት በሥራቸው ነው። በ2011 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ከዋና ዋና ባለጋራዎች አንዱ የሆነውም ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሪሾክ ብቻ ነው የሚባለው፤ ሌላ መጠሪያ አይሰጠውም። እሱ ከጠፋ በኋላ ቦታውን የያዘው፣ በኋላ በወጡት ታሪኮች ውስጥ፣ ያ የድሮው ስቴን ነው። ያን ቀን ስቴን መባሉ ቀረና አሪሾክ ሆነ።